ፌስታል ውስጥ የቀረው የግፊት ክኒን

አክስቴ 71 ዓመቷ ነው። ግፊት እንዳለባት ከታወቀ ስድስት ዓመት አልፏታል። እሷ ግን "ግፊት" አትልም፤ "ደም ብዛት" ነው የምትለው። ላለፉት ሁለት ዓመታት ጤና ጣቢያ ይዣት የምሄደው እኔ ነኝ። ካርድ ክፍል፣ ወረፋ፣ ልኬታ፣ መድኃኒት ቤት፤ ግማሽ ቀን ይበላል። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ነርሷ ፊት የምንቀመጠው ሦስት ደቂቃ ቢሆን ነው።

"እማማ፣ መድኃኒትዎን በደንብ እየወሰዱ ነው?"

"አዎ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ጨው ይቀንሱ፣ እሺ?"

"እሺ የኔ እናት።"

በቃ። ቀጣይ!

የግፊቷ የላይኛው ቁጥር (ልብ ደም ስትገፋ ያለው) ግን አልወርድ አለ። አንዴ 168፣ አንዴ 174፣ አንዴም 182። መጠኑ ተጨመረላት። አልበቃ ሲል ሁለተኛ ዓይነት ክኒን ታከለ። እኔም "ምን ዓይነት ግትር በሽታ ነው" እያልኩ ከረምኩ። ለፋሲካ ቤቷን ስናጸዳ ኮሞዲኖው ውስጥ አንድ ጥቁር ፌስታል አገኘሁ። ክኒን ነው። እሽጉ አልተነካም። ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት። ወደ አራት ወር የሚጠጋ መድኃኒት!

"ሲያመኝ እኮ እወስዳለሁ" አለችኝ፣ ምንም እንዳላጠፋ ሰው።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ሳድር ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። አክስቴ አልዋሸችም። ሲያማት ትወስዳለች፤ ስለዚህ "እየወሰድኩ ነው" ማለቷ ለእሷ እውነት ነው። ነርሷም ሥራዋን አልዘለለችም፤ ጠይቃለች። ያልሠራው ጥያቄው ነው።

ይሄ የአክስቴ ብቻ ጉዳይ ቢሆን እዚህ አላመጣውም ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2003 ባወጣው ሪፖርት፣ በበለጸጉት አገሮች እንኳ የዕድሜ ልክ መድኃኒት ከታዘዘላቸው ሰዎች በታዘዙት መሠረት የሚወስዱት በአማካይ ግማሾቹ ብቻ እንደሆኑ ጽፏል። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው።) ይኸው ድርጅት በዓለም ላይ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 79 ከሆኑ ሰዎች በ2024 1.4 ቢሊዮኑ ግፊት እንደነበረባቸው ይገምታል። ግማሽ የሚጠጉት በሽታው እንዳለባቸው አያውቁም። ግፊታቸው በቁጥጥር ሥር የዋለው ከአምስቱ አንዱ ገደማ ብቻ ነው። በኢትዮጵያ በ2015 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከአዋቂዎች 16 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ግፊታቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ዕድሜ ሲጨምር ቁጥሩ አብሮ እንደሚያድግ ለማንም ግልጽ ነው።

"እርጅና እኮ ነው፣ በዚህ ዕድሜ ምን ያደርግላታል?" የሚል ዘመድ አይጠፋም። እኛም ቤት አለ። ለዚህ ጥሩ መልስ የሰጠ ጥናት በ2008 ወጥቷል። ዕድሜያቸው 80 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 3,845 ሰዎች ተሳትፈውበታል። ግማሾቹ የግፊት መድኃኒት፣ ግማሾቹ መድኃኒት የሚመስል ባዶ ክኒን ተሰጣቸው። ልዩነቱ ቶሎ ስለታየ ጥናቱ ከታሰበው ጊዜ በፊት ቆመ። መድኃኒቱን የወሰዱት ዘንድ በማንኛውም ምክንያት የሚመጣ ሞት በ21 በመቶ፣ የልብ ድካም በ64 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። የ80 ዓመት ሰው እንዲህ ከተጠቀመ የ71 ዓመቷ አክስቴ ገና ልጅ ናት።

ታዲያ ለምን አትውጠውም?

ሰዎች "ረስታ ነው" ይላሉ። አዛውንት ስለሆነች መርሳት ነው የሚጠረጠረው። መርሳት አለ፣ አልክድም። ግን አክስቴ የልጅነት ጓደኛዋ ክርስትና የተነሳችበትን ቀን የምታስታውስ ሴት ናት። የዕድር መዋጮ አንድ ቀን አሳልፋ አታውቅም። ለፌስታሉ ምክንያት አላት። ምክንያቷን የሰማነው ደግሞ ከፋሲካ በኋላ በነበረው ቀጠሮ፣ ሌላ ነርስ ተረኛ ሆና በገባች ቀን ነው።

ይህችኛዋ ገና ወጣት ናት። አክስቴን ወንበር ላይ አስቀምጣ ወዲያው አልለካቻትም። "ትንሽ ይረፉ እማማ፣ ዳገቱን ወጥተው ነው የመጡት" አለቻት። ጋቢዋን አስወለቀቻት። ከዚያ የጠየቀችው ይህን ነው፦

"ሁላችንንም ያመልጠናል እማማ። እኔ ራሴ ለሳምንት የታዘዘልኝን በሦስት ቀኔ ነው የተውኩት። እርስዎ ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን አመለጠዎት?"

አክስቴ ሳቀች። እኔን አየችኝ። ከዚያ አወራች። ያንን ሁሉ ዓመት ያላወራችውን።

ሁለተኛው ክኒን የሚያሸና ነው። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ይባላል፤ ርካሽ ነው፣ ጥሩም ይሠራል፣ ግን በወሰዱት በሰዓታት ውስጥ ያመላልሳል። አክስቴ እሁድ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ቤተክርስቲያን ናት። ቅዳሴ ተጀምሮ መሃል አይወጣም። ሽንት ቤቱም ሩቅ ነው፣ ለጉልበቷም አይመችም። ስለዚህ እሁድ አትወስድም። ማርያም በወር አንዴ ናት፤ ያንን ቀን አትወስድም። ሚካኤልን፣ ገብርኤልን፣ መድኃኔዓለምን፣ ባለወልድን። ዐቢይ ጾም ሲገባ 55 ቀን አለ፤ እስከ 9 ሰዓት እህል ውሃ አይቀመስም፤ ክኒን ያለ ውሃ አይዋጥም። ለቅሶ ቤት ሲኬድ አይወሰድም። ይሄን ደምራችሁ ከ30 ቀን ስንት ቀረ?

በቀሩት ቀናት ደግሞ "ደም ብዛት" የሚለው ስም ራሱ ሥራ ይሠራል። ደም በዛ ማለት ለአክስቴ የሚሰማ ነገር ነው፤ ናላ ያዞራል፣ ጆሮ ያጮሃል፣ ፊት ያግላል። ካልተሰማት አልበዛም። ጉንፋን የሌለበት ሰው የጉንፋን መድኃኒት አይወስድም፤ እሷም እንዲያ ነው የምታስበው። ግፊት ግን ብዙውን ጊዜ ድምፅ የለውም። 180 ሆኖም እንጀራ ያስጋግራል፣ ሰርግ ያስጨፍራል። አንድ ቀን ግማሽ አካል አልታዘዝ ሲል ነው የሚታወቀው።

ወጣቷ ነርስ አንድ ነገር ጨመረች፤ እኔ በበኩሌ እስከዚያ ቀን አይቼው አላውቅም። አክስቴን ቁጭ ባለችበት ለካቻት። ከዚያ አስቆመቻት። አንድ ደቂቃ ያህል ቆይታ እንደገና ለካች፤ ትንሽ ቆይታ ሌላ ጊዜ። የላይኛው ቁጥር ከ20 በላይ ወረደ። "ሲነሱ ያዞርዎታል እንዴ?" "አዎ፣ ደሜ ሲበዛ ነዋ። ያኔ ነው የምወስደው።" ነርሷ ዝም አለች። እኔም ገባኝ። ከአልጋ ስትነሳ የሚያዞራት ግፊቷ ስለሚወርድ ሊሆን ይችላል። እሷ ግን ወጣ ብላ ክኒን ትውጣለች፤ ሲብስባት ሁለት። ያውም መጠኑ የተጨመረውን ክኒን። መጠኑ የተጨመረው ደግሞ በየቀኑ ትወስዳለች ተብሎ ነው!

ይሄን ልብ በሉልኝ፣ ምክንያቱም በዚህ ጉዳይ ላይ ከሚነገረው ሁሉ ብዙ ትኩረት ያላገኘው ይሄ ይመስለኛል። "መድኃኒት አትወስድም" ማለት ጉዳቱ ሳይታከሙ መቅረት ብቻ አይደለም። ሐኪሙ ካርዱን ያያል፤ ቁጥሩ ከፍ ያለ ነው፤ መድኃኒቱ አልበቃም ብሎ ይጨምራል። በሽተኛዋ ከዚያ በኋላ አንድ ቀን በትክክል ከወሰደችው፣ ለእሷ የማይሆን መጠን ነው የምትወስደው። አዛውንት ሰው ሽንት ቤት መንገድ ላይ ቢወድቅ የዳሌ አጥንት ነው የሚሰበረው። ስለዚህ ያ ጥያቄ፣ "ስንት ቀን አመለጠዎት?" የሚለው፣ ለትሕትና ሲባል የሚጠየቅ አይደለም። መጠኑ ከመጨመሩ በፊት መመለስ ያለበት የሕክምና ጥያቄ ነው።

ይሄን ጥያቄ ሐኪም ሊጠይቅ አይችልም ወይ? ይችላል። ግን በእኛ አገር ጤና ጣቢያ ግፊት ያለበት ሰው በብዛት የሚያገኘው ነርስና ጤና መኮንን ነው። ደግሞም አክስቴ ነጭ ጋዋን ለለበሰ ወንድ ሁሉ "ዶክተር" ብላ ተነስታ ነው የምትመልሰው፤ ዶክተር ደግሞ አይቸገርም፣ አይጨቀጨቅም። ከ"ሲስተር" ጋር ግን ስለ ልጆቿ ታወራለች። ስለ ሽንት ለማውራት ይሄ ያስፈልጋል።

በሌላ አገርም ተሞክሯል። ጋና፣ ኩማሲ አካባቢ፣ በ32 ጤና ጣቢያዎች 757 የግፊት ሕሙማን ላይ የተደረገና በ2018 የታተመ ጥናት አለ። ጥናቱን የምወደው ለአንድ ነገር ነው። ሁሉም ሕሙማን የጤና መድህን ነበራቸው። ግማሾቹ ጤና ጣቢያዎች በመድህኑ ብቻ ቀጠሉ። በቀሩት ግን የሠለጠኑ ነርሶች የልብ አደጋን እየገመቱ፣ እያማከሩ፣ በመመሪያ መሠረት መድኃኒት እየጀመሩ ተከታተሏቸው። ከዓመት በኋላ የላይኛው ቁጥር በመድህን ብቻ በቀጠሉት 16.8 ወረደ፤ ነርሶቹ ባሉበት 20.4። ልዩነቱ አራት እንኳ አይሞላም። "ለዚህ ነው?" ትሉ ይሆናል። ከ340 ሺህ በላይ ሰዎችን መረጃ አንድ ላይ ያየ በ2021 የወጣ ትንተና፣ የላይኛው ቁጥር በ5 ብቻ ሲወርድ የስትሮክና የልብ አደጋ በ10 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ለአንድ ሰው 4 ቁጥር ምንም አይደለም። ለአንድ ክፍለ ከተማ አዛውንት ሁሉ ሲሆን ግን ብዙ አልጋ ላይ የማይውል ሰው ነው።

የቻይናው ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። በ326 መንደሮች ወደ 34 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ተሳተፉ። በግማሾቹ መንደሮች ሥራውን የያዙት "የመንደር ሐኪም" የሚባሉት፣ እንደ እኛ ጤና ኤክስቴንሽን ሰፈር ውስጥ የሚኖሩ፣ የዩኒቨርሲቲ ሐኪም ያልሆኑ ሰዎች ናቸው። መመሪያ ተሰጣቸው፣ ዋና ሐኪም ከላይ ይከታተላቸዋል፣ መድኃኒቱ በነፃ ወይም በቅናሽ ቀረበ። ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ በኋላ ግፊታቸው ከ130/80 በታች የገባው በእነሱ መንደሮች 57 በመቶ፣ በሌሎቹ 20 በመቶ ገደማ ሆነ። መድኃኒቱ በአቅም ተገኝቷል፤ ያንን አልዘነጋውም። ግን መድኃኒት ፌስታል ውስጥም ይገኛል።

አንድ ወሬ ጣል አድርጌ ልለፍ። በ2018 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ፋርማሲስቶች የጥቁር አሜሪካውያን ፀጉር ቤቶች ገብተው ደንበኞቹን እዚያው መላጫው ወንበር አጠገብ አከሟቸው። የላይኛው ቁጥር በአማካይ 27 ወረደ። ያንን ሳነብ ዕድር ነው ትዝ ያለኝ። በየወሩ አንድ ቦታ የሚሰበሰቡ፣ ቀሪ የሚቀጡ፣ የታመመ የሚጠይቁ አዛውንቶች። እዚያ አንዲት ነርስ መለኪያ ይዛ ብትቀመጥ ምን ይላታል?

ወደ እኛው ልመለስ። ሰው ዕድሜ ልኩን በየቀኑ ክኒን እንዲውጥ ማድረግ ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። ይሄን ሥራ በደንብ እናውቀዋለን። ያውም እዚያው ጤና ጣቢያ፣ ሁለት በር ዘልቆ። የኤችአይቪ ክፍል!

በ2005 የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ሲጀምር ሁሉም የሚፈራው "ሰዉ ያቋርጣል" የሚለውን ነበር። ስለዚህ ክኒን ብቻ አልታደለም። አማካሪ ተመደበ። ራሳቸው ቫይረሱ በደማቸው ያለ፣ መድኃኒቱን የሚያውቁ ሰዎች ተቀጥረው አዲስ የመጣውን ይደግፉ ነበር። ቀጠሮ ያሳለፈ ሰው ይደወልለታል፤ ካልተገኘ ቤቱ ድረስ ይፈለጋል። "ጠፊ" የሚባል መዝገብ አለ። አንዳንዱ ጸበል ሲገባ መድኃኒቱን ሲተው፣ በ2007 የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በአደባባይ ተናገሩ። ከ2017 ጀምሮ ደግሞ ደህና የሆነ ሰው በየወሩ እየተመላለሰ እንዳይሰለች የስድስት ወር መድኃኒት በአንዴ እንዲወስድ ተደረገ።

አሁን ከአክስቴ ጋር አስተያዩት። አክስቴ ሦስት ቀጠሮ ብታሳልፍ ማን ይደውላል? ማንም። ጸበል ገብታ ብትተወው ማን ያውቃል? ማንም። ቁጥሯ ቢስተካከል እንኳ በየወሩ ያንኑ ዳገት ትወጣለች። የዓለም ጤና ድርጅት የ2021 መመሪያ ግፊቱ እስኪስተካከል በየወሩ፣ ከተስተካከለ በኋላ ግን በየሦስት እስከ ስድስት ወሩ መታየት ይበቃል ይላል። ነርሶችም ሥልጠና፣ የማዘዝ ሥልጣን፣ መመሪያና የሐኪም ክትትል ካላቸው የግፊት መድኃኒት ማዘዝና መከታተል እንደሚችሉ ይኸው መመሪያ አስቀምጧል። ማለትም ዕውቀቱ አለ፣ ልምዱም አለ፣ መመሪያውም አለ። ከአንዱ በር ወደ ሌላኛው ያልተሻገረው ለምንድን ነው?

የገንዘቡ ምንጭ አንዱ መልስ ነው። የኤችአይቪ ሥራ በውጭ እርዳታ ነው የተገነባው፤ የግፊት ሥራ ያን ያህል እርዳታ አግኝቶ አያውቅም። ሌላው ግን ልማድ ይመስለኛል። ኤችአይቪ የሚያስፈራ በሽታ ነው፤ ግፊት ደግሞ ጎረቤት ሁሉ ያለው። የሁሉም የሆነ በሽታ የማንም አይሆንም።

ከተማ ውስጥ ደግሞ አንድ የተረሳ ነገር አለ። በ2009 የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ሲጀመር በየቤቱ እንዲዞሩ የተመደቡት በዲፕሎማ የተመረቁ ነርሶች ነበሩ። ተጨማሪ ሥልጠና ወስደው ሰፈር ገቡ። አክስቴ ቤት የምትመጣ ልጅ አለች፤ ስለ ክትባት፣ ስለ ሽንት ቤት፣ ስለ እርግዝና ትጠይቃለች። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው አንዲት የ71 ዓመት ሴት ናት። ስለ እርግዝና! ልጅቷ ላይ አልፈርድም፤ ቅጹ ነው። ቅጹ ላይ "ክኒኑን አሳዩኝ" የሚል አንድ መስመር ቢኖር ግን ጥቁሩ ፌስታል የዛሬ ዓመት ይገኝ ነበር።

"አሳዩኝ" ማለት ትልቅ ነገር ነው። አንዴ ነርስ ቤት ገብታ መድኃኒት ያለበትን ሁሉ አምጡ ብትል የማይወጣ የለም። ሌላ ቤት ያየሁትን ልንገራችሁ። አንዲት እናት አሜሪካ ያለች ልጃቸው በሻንጣ መድኃኒት ትልክላቸዋለች። ጥሩ ልጅ ናት። የላከችው ኖርቫስክ ነው። ከጤና ጣቢያ የሚሰጣቸው ደግሞ አምሎዲፒን። ሁለቱ አንድ መድኃኒት ናቸው፤ ስማቸው ብቻ ነው የሚለየው። እናትየው "የአሜሪካውን ጠዋት፣ የአገሩን ማታ" ይወስዱ ነበር። እግራቸው አብጦ ጫማ እምቢ አለ። የእግር እብጠት የዚህ መድኃኒት የታወቀ ጠባይ ነው፤ መጠኑ ሲበዛ ይብሳል። እሳቸው ግን "ኩላሊቴ ነው" ብለው ደንግጠው ሁለቱንም አቆሙ። የሻንጣው ሲያልቅስ? ልጅቷ ቀጣዩን ሰው እስክታገኝ ይጠበቃል።

የአክስቴ መሳቢያ ደግሞ ሌላ አወጣ፤ ዳይክሎፌናክ። ለጉልበቷ። ያለ ማዘዣ ከሰፈር ፋርማሲ የተገዛ። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ግፊት ይጨምራሉ፤ ኩላሊትንም ይጎዳሉ፣ በተለይ ከሚያሸናው ክኒን ጋር ሲሆኑ። ማለት በአንድ እጇ የምታወርደውን በሌላ እጇ ስታወጣው ኖራለች። "ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?" ተብላ ስትጠየቅ "የለም" ነው ያለችው። የጉልበት ክኒን መድኃኒት ነው እንዴ? ማስታገሻ ነው። የሽፈራው ሻይም፣ ነጭ ሽንኩርትም በባዶ ሆድ፣ እነሱም መድኃኒት አይደሉም። ነርሷ በስማቸው ነው መጥራት ያለባት፤ "ለጉልበትዎ ምን ይወስዳሉ? ሽፈራው ይጠጣሉ?" ብላ። አለመቆጣትም አለባት። የተቆጣች ቀን ሁሉም ነገር ተመልሶ መሳቢያ ይገባል።

ስለ ሰዓት። በ2022 ብሪታንያ ውስጥ 21,104 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ወጥቷል። የግፊት ክኒንን ጠዋት መውሰድ ከማታ ይሻላል ወይ የሚለውን ነው ያየው። ውጤቱ፦ ልዩነት የለም። ይሄ ለነርስ ትልቅ ነፃነት ነው። ዋናው በየቀኑ መወሰዱ ስለሆነ ሰዓቱን ከሰውየው ኑሮ ጋር ማስታረቅ ትችላለች ማለት ነው። ወጣቷ ነርስም ያንኑ አደረገች። የመጀመሪያውን ክኒኗን፣ አምሎዲፒኑን፣ ማታ አደረገችላት። የሚያሸናውን ግን ማታ ማድረግ ጥሩ አይደለም፤ ሌሊት ያስነሳል፣ በጨለማ ያስወድቃል። እሱን በአዘቦት ቀን ከቁርስ በኋላ፣ እሁድና በወር በዓላት ደግሞ ከቅዳሴ ገብታ እግሯን ዘርግታ ስትቀመጥ። ለጾሙ "የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ፣ ለታመመ ሰው ይፈቅዳሉ" አለቻት። ሙስሊም ብትሆንም መልሱ ሩቅ አይደለም፤ ቁርኣንም የታመመ ሰው በሌላ ቀን እንዲያካክስ ይፈቅዳል። መጠኑን በተመለከተ ራሷ አልወሰነችም። ሐኪሙ ጋ ሄዳ "እማማ እስካሁን በትክክል አልወሰዱም፣ ሲቆሙም ይወርዳል" ብላ ነገረችው። የተጨመረው ተመልሶ ተቀነሰ። ጠቅላላው 12 ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

12 ደቂቃ ደግሞ ብዙ ነው፤ እዚህ ላይ ታማኝ መሆን አለብኝ። ኮሪደሩ ላይ ወረፋ የያዘው ሰው ሲያጉረመርም እሰማ ነበር። አንዲት ነርስ በጠዋት የምታየው ሰው ብዛት እየታወቀ "ለሁሉም 12 ደቂቃ ስጪ" ማለት ቀልድ ነው። ደመወዟም የሚወራለት አይደለም። ግን ለሁሉም አያስፈልግም። ቁጥሩ አልወርድ ላለ ሰው፣ መጠን ከመጨመሩ በፊት፣ አንዴ ነው የሚያስፈልገው። ደህና የሆኑት በየሦስት ወሩ ቢመጡ ደግሞ ወረፋው ራሱ ይሳሳል። ያ ሒሳብ ለምን እንደማይሠራ አልገባኝም።

በጽሑፍ መልእክት ማስታወስ የሚባለውን ነገር ብዙ አላምነውም፤ ቢያንስ ለዚህ ዕድሜ። የአክስቴ ስልክ ላይ የሚመጣውን መልእክት የሚያነበው የ13 ዓመት የልጅ ልጇ ነው፤ እሱም ካነበበው። ድምፅ ይሻላል። "እማማ፣ ሲስተር ነኝ፣ እንዴት አደሩ?" የሚል አንድ ስልክ ለሦስት ቀን ወሬ ይሆናታል። ለማያነቡት ደግሞ እሽጉ ላይ ፀሐይና ጨረቃ በእስክሪብቶ መሣል የትኛውም መተግበሪያ የማይበልጠው ነገር ነው።

ነርስ የማትፈታውም አለ። መድኃኒቱ ሲጠፋ። "የለም፣ ከውጭ ይግዙ" ሲባል። የማኅበረሰብ ጤና መድህን ያለው ሰው እንኳ ያኔ ከኪሱ ነው የሚያወጣው፤ ኪሱ ባዶ ከሆነ ይተወዋል፣ ወይም አንዱን ፍሬ ለሁለት ቀን ይከፍለዋል። ይሄን ሰው "መድኃኒትዎን ያልወሰዱት ለምንድን ነው?" ብሎ መገሠጽ ነውር ነው። እሷ ልታደርግ የምትችለው ሲያልቅበት ዝም ብሎ እንዳይቀር መንገር ነው። በተለይ አቴኖሎል የሚባለውን የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው በድንገት ቢያቆም ልቡን ሊያስቸግረው ስለሚችል፣ ከማለቁ ሳምንት በፊት መጥቶ እንዲናገር።

ክኒኑ አሁን ከኮሞዲኖው ወጥቷል። ረከቦቱ ላይ፣ ስኳር ዕቃው አጠገብ ነው የሚቀመጠው። ቡና በተፈላ ቁጥር ይታያል። ቡናዋ ላይ ጨው መጨመር አልተወችም፤ "ይሄንንማ ተዪኝ" ብላ ነርሷን አስቃታለች። ባለፈው 146 ነበር። ፍጹም አይደለም። ከ182 ግን የወረደ ነው፣ ስትነሳም አያዞራትም።

በዚህ ወር ስንሄድ ወጣቷ ነርስ የለችም። ወደ ሌላ ጤና ጣቢያ ተዛውራለች አሉን። አዲሷ ክንዷን አሰረች፣ ለካች፣ ካርዱን ሳበች።

"እማማ፣ መድኃኒትዎን በደንብ እየወሰዱ ነው?"

አክስቴ ነጠላዋን አስተካከለች።

"ልጄ፣ እንደሱ ብለሽ አትጠይቂኝ። ስንት ቀን አመለጠዎት በዪኝ።"